እምዬ ስለ ቡሉኮዋ ብትጠይቅህ

ለምወድህ ለታናሽ ወንድሜ ለአብተው፣ አንኮበር ይድረስ። ላኪዋ እህትህ ዘውድነሽ ነኝ፣ ከአዳማ።

እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሳብህ የጉልበትህ ቁርጥማት ለቀቀህ ወይ? አማረችስ እንዴት ናት? ስታጠባ አብጦ የነበረው ጡቷ ዳነላት? ልጆቹ አደጉ? እምዬስ? ዓይኗ ዛሬም ደጅ የቆመውን ሰው ይለያል? እህል ይበላላታል? ዘንድሮ የደጋው ውርጭ ከባድ ነው ብለው ነጋዴዎች ሲያወሩ ሰምቼ፣ ምን ደርባ ትተኛ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። እኔና ባለቤቴ ወዬሳ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ቆመን እንሄዳለን። ስለ እኛ ደኅንነት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ምክንያቱን አሁን ታየዋለህ።

ይህን ወረቀት ለብቻህ አንብበው። የሚያደርስልህ የምንጃሩ ነጋዴ ገብረወልድ ነው፤ ቤት ሳይገባ አውድማ ላይ ፈልጎ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። እምዬ ደብዳቤ መጣ ሲባል ጮክ ብለህ አንብብልኝ እንደምትልህ፣ አንዴ ሰምታም እንደማይበቃት አውቃለሁ። አጠገብህ ሰው ካለ እጠፈውና ቆይተህ አንብበው።

አብተው፣ እልፍነሽ ሞታለች። ልጄን ቀብሬያታለሁ። ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው የሞተችው፤ አርባዋንም አውጥተናል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አላጣሁትም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚወድቅ ሰው ቢኖር የሚደግፈው ሳይጠፋ ነው። ከዚህ ወደ አንኮበር የምሰደው ዘመድ ግን የለኝም፤ የወዬሳ ወገኖች ደጋውን አያውቁትም፣ ወዬሳም ሥራውን ትቶ መውጣት አልቻለም። እኔ እንዳልመጣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ለእምዬ የምታረዳልኝ አንተ ነህ፤ ላንተ የሚያረዳልኝ ሰው ግን አጥቼ በዚህ በተሰባበረ ፊደሌ ጻፍኩልህ። ይቅር በለኝ።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ እንደምትለኝ አውቃለሁ። በገና ሰሞን በላክሁት ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ እልፍነሽ የእምዬን ጉልበት ትስማለች ብዬ ጽፌ ነበር። ስጽፈው እሷ ከሞተች ሁለት ወር አልፏታል። ስሟን ብተወው እምዬ ወዲያው እንደምትጠይቅህ ገባኝ። ሰላምታ ሲነበብ በጣቷ እየቆጠረች የምታዳምጥ እናት ናት ያለችን። ደግሞም፣ ላንተ ልናገረውና፣ እጄ ራሱ ሳያስበው ጻፈው። ከጥምቀት በኋላ ገብረወልድ ሲመለስ የእምዬን ቃል ይዞልኝ መጣ፦ ቡሉኮዬ ነጣ ወይ? ከነጣ በሰው እጅ አትላኪው፣ እልፍነሽ ራሷ ታምጣልኝ፣ ሳልሞት ዓይኗን ልየው ብላለች አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ዝም ማለት እንደማልችል ያወቅሁት። አሮጊቷ በር በሩን እያየች ነው። የምትጠብቀው ልጅም፣ የምትጠብቀው ልብስም አይመጡም።

ቡሉኮውን መቼም ታስታውሰዋለህ። አባታችን የሞተ ዓመት እምዬ ራሷ ፈትላ ያስሠራችው፣ ስሞት በዚህ ትጠቀልሉኛላችሁ ብላ ያስቀመጠችው ነው። ባለፈው ግንቦት ቢጫ ሆነብኝ ብላ በነጋዴ ስትሰድልኝ፣ ከነስልቻው ሸክፈህ ያሰርከው አንተው ነህ። እዚህ የሰው ነጭ ልብስ አጥቤ እንደማድር ታውቃለችና ከእኔ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለገችም። ያን ጊዜ በነጋዴው አፍ የላከችብኝን ቃል አልረሳሁትም፦ እኔ ስኖር ንጹሕ ሆኜ አልኖርኩም፣ ልብሴ እንኳ ንጹሕ ሆኖ ይሂድልኝ ብላለች።

ስልቻውን ፈትተን ቡሉኮውን ደጅ ስንዘረጋው እልፍነሽ ሳቀች። ይሄማ የሽሮ ወጥ ድስት የተጠረገበት ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ቢጫው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። መሐሉ ላይ ያለው የቅቤ ነው፤ እምዬ ከእኛ ተደብቃ ስትንተራሰው ኖራለች ማለት ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው የራሷ ሽታ ይወጣው ጀመር። እልፍነሽ አፍንጫዋን ቀብራ አልነሳም አለች። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያለው የጭስ ነው፣ ወደ ቡኒ ያደላል። እጥፋቱን ተከትሎ እንደ ጅማት የተሰመረው ደግሞ የስልቻው ቆዳና የዕድሜ ነው። ለእያንዳንዱ መድኃኒቱ ይለያያል። ሁሉንም በአንድ ውሃ እታገላለሁ ያለ ሰው ልብሱን ይጎዳዋል፣ ቢጫውም ከቦታው አይነቃነቅም።

ክረምቱን እንዲያው አቆየሁት፤ ነጭ ልብስ ያለ ፀሐይ አይነጣምና። መስከረም ሲጠባ ጀመርን። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ካገኘው እድፉ ክሩ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ እንዶድ ወቅጠን አረፋውን አጠጣነው። አሮጌ ጥጥ አይታሽም፣ በእግር ነው የሚረገጠው፤ እልፍነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ከምሳ እስከ ማታ ስትረግጥ ዋለች። አያቴን እየረገጥኳት ነው፣ ይቅር በይኝ አያቴ እያለች ታስቀን ነበር። ለቅቤው የግራር አመድ በውሃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ ቀጠን አድርጌ አፈሰስኩበት። የአመድ ውሃ ቅቤን ያወጣል፤ ከበረታ ግን ጥጡን ይበላዋል፣ ስለዚህ ብርታቱን በምላሴ እየቀመስኩ ቶሎ ቶሎ አለቀለቅሁት። ስቡ ለቀቀ። ቢጫው ግን ፈዞ ቀረ እንጂ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ቀቅሉት የሚል የሰው ምክር ሰማን። ቡሉኮ ደግሞ የሚገባበት እንስራ የለም። ጎረቤታችን ተሻለች፣ ባሏ ከወዬሳ ጋር ሐዲድ የሚጠግን፣ ለባቡሩ ዘይት የመጣበትን የብረት በርሜል አጥባ ውሃ ታቆርበታለች። ያዙት፣ እኔ ሁልጊዜ እቀቅልበታለሁ አለችኝ። የምትቀቅለው ግን የባሏን ካኪ ነው፣ በካኪ ላይ ምን ይታያል? እኛም ቀቀልንበት። ስናወጣው ጎንና ጎኑ የበርሜሉን ዝገት ጠጥቶ እንደ ደረቀ ደም ቀይ ሆኗል። ተሻለች አይታ ክው አለች፤ ቀስ ብላ ደግሞ፣ የአንኮበር ሴቶች ለሞታችሁ ከምትጨነቁ ለንጉሡ ንግሥ ብትጨነቁ ይሻላችሁ ነበር አለች። ደንግጣ ነው እንደዚያ ያለችው። እልፍነሽ መለሰችላት፦ ለንግሡማ ሁሉም ሰው ነጭ ይለብሳል፣ ማን ያየናል፤ አያቴ ግን ብቻዋን ነው የምትገባው፣ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው አለቻት። ተሻለች ሳቋ አመለጣት። ልጄ እንደዚህ ነበረች።

የንግሡ ወሬ እዚያም ደርሷችሁ ይሆናል። እዚህ ግን ጥቅምት እስኪደርስ ከተማው በሙሉ ልብስ አጣቢ ሆኖ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ በኩል እንግዳ ጭኖ በየቀኑ ያልፋል፣ ጣቢያው ላይ የሚቆመው ሰው ሁሉ ነጭ ይልበስ ተብሏል። እንዶድ ከገበያ ጠፋ። የጉድጓዱ ውሃ ወረደ፤ የቀረውም ጨዋማ ነው፣ ሳሙናን እንደ እርጎ ይቋጥረዋል እንጂ አረፋ አይሰጥም። መስኩን ሁሉ የሰው ነጠላ ሞላው። ዝገት የሚለቀው በሎሚና በጨው ነው፤ ሎሚ ጨምቀህ፣ ጨው ነስንሰህ፣ ፀሐይ ላይ አውለህ፣ ደጋግመህ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ አለብህ። ከዚያ በኋላም የቀረውን ቢጫ የሚያወጣው ሣርና ጤዛ ብቻ ነው። ልብሱ ርጥብ ሣር ላይ ተሰጥቶ፣ ሳይደርቅ ውሃ እየተረጨ፣ ፀሐይ ሲበላውና ጤዛ ሲያገኘው መሰንበት አለበት። የሱቁ ነጋዴ አብዱልመናን ሰማያዊ ዱቄት አለ፣ ውሃው ውስጥ ጠብ ብታደርጊበት ነጭ ይመስላል ብሎኝ ነበር። መምሰሉን ይመስላል። ቢጫውን ይሸፍነዋል እንጂ አያወጣውም፣ አንድ ዝናብ ሲመታው ይመለሳል። ሌላ ሰው ቢሆን አደርገው ነበር። እምዬን ግን በመሬት ውስጥ እንዴት አታልላታለሁ?

ወዬሳ አዋሽ ዳር አጎት አለው፣ መርዳሳ ይባላል፤ ከወንጂ ወዲህ ከብት ያረባል። ውሃው ለስላሳ ነው፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ሎሚም አለ። ወዬሳ ራሱ በንግሡ ምክንያት ሐዲድ ጠብቁ ተብለው ከጓደኞቹ ጋር ወደ አዋሽ ጣቢያ ሄዶ ነበር፣ የምንማከረው አልነበረም። ልሂድ ስል እልፍነሽ እኔም አለች። ቡሉኮ ውሃ ከጠጣ አንድ ሴት አታነሳውም፣ ይህንንም አንተ ታውቃለህ። አህያ ተከራይተን ወረድን።

አዴ ኩሌ፣ የመርዳሳ ሚስት፣ እልፍነሽ በአባቷ ቋንቋ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ስትላት ደስ ብሏት ትስቅና ትስማት ነበር። የመጣንበትን ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ። ይህ ወር የንዳድ እንጂ የሰው ወር አይደለም አለችኝ። የእነሱ ሰዎች እንኳ ክረምት ካለፈ በኋላ ውሃው እስኪሸሽ ልጆቻቸውን ወደ ኮረብታው ያወጣሉ፤ ታች የሚቀረው ላሞቹን አልተውም የሚል እንደ መርዳሳ ያለ ግትር ሽማግሌ ነው። ቀን እጠቡ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ ጋ ኮረብታው ላይ ውጡ አለችን። እኛም ወጥተን ማደር ጀመርን። ጤዛው ግን የሚወርደው እኛ በሌለንበት ሰዓት ነው። ልብሱን ጥለነው ብንሄድ ጅቡ አለ፣ ጥጃው አለ፤ አጥፈን ይዘን ብንወጣ ጤዛው ያመልጠናል። ሁለት ሌሊት አጥፈን አወጣነው፣ ቢጫው ንቅንቅ አላለም። እልፍነሽ ነች ታች እንደር ያለችው። መርዳሳ ከሚያድርበት ጎጆ አጠገብ ሌላ ትንሽ ጎጆ ነበረች፣ የኩበት ጭስ እናጭሳለን፣ ምንም አንሆንም አለችኝ። እኔን የቆላው ንዳድ፣ ወባው፣ ድሮ ለምዶኛል፣ በየዓመቱ ጥሎኝ ይነሳል። እሷ ግን ደጋ ያደገች ናት። እስክትጠና ያሳደጋት የእምዬ ቤት አይደል? እሺ አልኳት።

ከዚያ በኋላ መንጣት ጀመረ አብተው። ዝገቱ በሎሚው ሟሟ። እጥፋቱ ላይ ያለው መስመር በየቀኑ እየሳሳ ሄደ። ጠዋት ስንነሳ ቡሉኮው ጤዛ ጠጥቶ ከብዶ፣ ከሣሩ ጋር ተጣብቆ እናገኘዋለን፤ ገልብጠን ሌላኛውን ፊት ለፀሐይ እንሰጠዋለን። እልፍነሽ በቅል ውሃ እየቀዳች ስትረጨው ትውላለች። እምዬ ያስተማረቻትን የሕፃንነት ዘፈን ታንጎራጉር ነበር። አንድ ቀን ከእንዝርቷ ቅርጫት ያልተፈተለ ጥጥ ዘግና ቡሉኮው መሐል አስቀመጠችና ዓይኔን ጨፍኜ እንድመጣ አዘዘችኝ። እስቲ ጥጡ የቱ ጋ ነው አለችኝ። ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። በእጄ ዳብሼ ነው ያገኘሁት። ይኸው፣ አያቴ ሙሽራ ሆነች፣ አሁን መንገድ ላይ ጭቃ እንዳይነካት ብቻ አለች። ቡሉኮውን አድርቀን አጠፍነው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ አለኝ አለች።

መርዳሳ አይቷት ወዲያው በቅሎ ሊያመጣ ሄደ። ከጥድፊያው ነው ንዳድ መሆኑን ያወቅሁት። እሳት አጠገብ አስቀመጥኳት፣ የራሴን ጋቢ፣ የአዴ ኩሌን ቁርበት፣ ያለውን ሁሉ ደረብኩላት፤ ጥርሷ መንገጫገጩን አልተወም። ቡሉኮውን ፈትቼ ላለብሳት ስል በእጇ ገፋችው። ያልበኛል፣ ላቤ ቢጫ ያደርገዋል፣ እንደገና ልናጥበው ነው ወይ አለችኝ። ግድ የለም እኔ አጥበዋለሁ ብላት እንቢ አለች። እየተንቀጠቀጠች በቅሎው ላይ ወጣች። ቡሉኮው አህያው ላይ በሰሌን ተጠቅልሎ ከኋላችን መጣ።

አዳማ ስንገባ ጣቢያው በአበባና በባንዲራ ተሸልሟል፣ ባቡሩ ሲያልፍ ሰዉ እልል ይላል። በዚያ መሐል ነው በቅሎውን እየሳብኩ ያለፍኩት። አንድ አርመን መድኃኒት ሻጭ አለ፣ ኪኒን ሰጠን፤ ዘግይታችኋል ግን ሞክሩ አለን፣ ሰውዬው እውነቱን ነው የነገረን። ወዬሳም ሰምቶ በዕቃ ባቡር ተንጠልጥሎ መጣ። ንዳዱ ይለቃታል፣ ትቀመጣለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ተመልሶ ይጥላታል። በመጨረሻ ዓይኗ ቢጫ ሆነ አብተው። ነጩ በሙሉ ቢጫ ሆነ። ከዚያ የእጇ መዳፍ፣ ከዚያ ፊቷ። እኔ ያን ቀለም ከልብሱ ላይ ሳወጣ ከወር በላይ ከርሜያለሁ፣ የት እንደሄደ ያገኘሁት ያን ጊዜ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለወዬሳም አልተናገርኩም፣ ላንተ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ጠዋት ላይ ነው ያረፈችው፣ ወዬሳ እጇን ይዞ። መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝ ቡሉኮው አቧራ እንዳይነካው ሰቅለሽዋል ወይ ብላ ነው። ሰቅዬዋለሁ አልኳት።

መገነዣ ነጭ ጨርቅ ለመፈለግ ወዬሳ ሱቅ ለሱቅ ዞረ። አቡጀዲ የሚባል ነገር በአዳማ አልቆ ነበር፣ ለንግሡ ሰው ሁሉ ገዝቶት። አብዱልመናን የሞተችው እልፍነሽ መሆኗን ሲሰማ መደርደሪያውን በሙሉ እያወረደ ፈለገ፤ የቀረው የባንዲራ ጨርቅ ብቻ ነው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ልጅሽን እንዴት በዚህ እልካታለሁ ብሎ ሱቁን ዘግቶ ከወዬሳ ጋር ወደ እኛ መጣ፣ ደጅ ተቀምጦ አለቀሰ። ተሻለች የራሷን ነጠላ አመጣች፣ ቁመቷን አልሸፈነላትም። ወዬሳ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አየ፣ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። የእማማ ነው፣ አይሆንም አለ። እኔ ነኝ ያወረድኩት።

እምዬ በቀኗ ከምትገነዝበት ለልጄ ይሁን ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማሰብ ልብ አልነበረኝም። ልጄ ስትንቀጠቀጥ ያልለበሰችውን ልብስ አሁን ማን ይከለክላታል ብዬ ነው። ካህናቱ ፈትተዋት፣ ተጠቅልላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በስተምሥራቅ ተቀበረች። ነጭ ነበር አብተው። አንድም ነጥብ አልነበረበትም። አብዱልመናን ጭንቅላቱን ይዞ፣ እንዲህ ያለ ነጭ በሱቄ ገብቶ አያውቅም አለ።

አሁን ያንተ ነገር ቀረ። ለእምዬ የምታረዳት በሳምንቱ መሐል ይሁን፣ ጾም በማይከብዳት ቀን። የንስሐ አባታችንን ጥራ፣ ጎረቤቶቹን ጥራ፣ አማረች ከኋላዋ ትቀመጥ። ቀድማ ጥቂት እህል ትቅመስ፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት እንደማትበላ አውቃለሁ። ንዳድ ገደላት በላት፣ እውነት ነው። ወንዝ ወርዳ ነበር አትበላት። ለምን ወረደች ትልሃለች፣ ከዚያ መልሱን ራሷ ታገኘዋለች። ስለ ዓይኗ አትንገራት። ስለ ላቧ የተናገረችውንም አትንገራት፤ እሱን እኔ ልያዘው። ይህን ወረቀት አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ክተተው፣ እምዬ ፊደል ባትለይም የደብዳቤ መልክ ታውቃለች፣ ለሚያነብላት ሰው ሁሉ ታሳያለች።

ስለ ቡሉኮዋ ብትጠይቅህ ግን አትዋሻት። ነጥቷል በላት። ቅቤውም፣ ጭሱም፣ የስልቻውም ለቋል በላት። እልፍነሽ ለብሳዋለች በላት። ደግ አደረጋችሁ የምትል ይመስለኛል። ባትልም ግድ የለም፣ ትቆጣኝ፤ ቁጣዋን ላክልኝ፣ እቀበለዋለሁ።

ከገብረወልድ ጋር አንድ ጋቢ ሰድጃለሁ። አርባው ካለፈ ወዲህ የፈተልኩት ነው፤ ከእልፍነሽ ቅርጫት የተረፈው ጥጥም አለበት። ክሬ እንደ እምዬ ክር የተስተካከለ አይደለም፣ አንዳንድ ቦታ ወፍሯል። ሸማኔው ግን ደኅና አድርጎ ሠርቶታል። የቡሉኮዋ ምትክ ነው ብለህ ስጣት። ስልቻ ውስጥ አታስገቡት፣ ቆዳ ነጭ ልብስን ቢጫ ያደርጋል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭስ ከማይደርስበት አስቀምጡት፣ በዓመት አንዴ አውጥታችሁ አናፍሱት። ተደብቃ ስትንተራሰው ካገኛችኋት ግን አትከልክሏት። ቅቤዋን ተቀብታ ትንተራሰው። ሰንብታ ሰንብታ ቢጫ ታድርገው፤ ሲከፋ ወደ እኔ ላኩት፣ አጥበዋለሁ። ይህን ብቻ ነው ከእግዚአብሔር የምለምነው።

እንግዲህ ለአማረች ሰላም በልልኝ፣ ልጆችህን በየተራ ሳምልኝ፣ ትንሿን በተለይ፤ ያላየኋትን። የንስሐ አባታችንን በእኔ ስም መስቀል ተሳለምልኝ፣ ልጄን በጸሎት እንዲያስቧት፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። ለጎረቤቶቹ ሁሉ፣ ከላይ ቤትም ከታች ቤትም ላሉት፣ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። የእምዬን ጉልበት እስማለሁ።

ከዚህ በኩል ወዬሳ እጅ ይነሳል፣ እምዬን እንዴት አድራለች ይላል። መርዳሳና አዴ ኩሌ አያውቋችሁም፣ ግን ሰላም በሉልን ብለዋል። ተሻለችም እንደዚሁ። እምዬ በጣቷ ስትቆጥር እዚህ ላይ እንደምትቆም አውቃለሁ። ከዚህ ቤት ሰላምታ የሚልክላችሁ የቀረው ወዬሳና እኔ ብቻ ነን።

እህትህ ዘውድነሽ

አዳማ፣ የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፳፫ ዓመተ ምሕረት